የጦር አብራሪ የሕይወት መድን፤ አደጋው ሲከብድ ዐረቦኑ እንዴት ይቀንሳል?

ገበያ ውስጥ የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ፤ አደጋ የበዛበት ነገር ዋስትናው ውድ ነው። በበረሃ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ከተማ ውስጥ ከሚውል የቤት መኪና የበለጠ ዐረቦን ይከፈልበታል። ቤንዚን የሚቀመጥበት መጋዘንም ሚስማር ከሚቀመጥበት መጋዘን የበለጠ ይጠየቃል። በዚህ ደንብ ከተሄደ፣ የጦር አውሮፕላን አብራሪ የሕይወት መድን ልግዛ ብሎ ቢነሳ ዋጋው የማይቀመስ መሆን ነበረበት።

በዩናይትድ ስቴትስ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ መሠረት፣ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ 500,000 ዶላር የሚያወጣ የሕይወት መድን በወር 26 ዶላር ያገኛል። በአንድ ቢሮ ተቀምጦ ደብዳቤ የሚጽፈው ወታደርም ለዚያው መጠን የሚከፍለው ያንኑ 26 ዶላር ነው። ይህ ለምን እንደሆነና እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ለመድን ደላላም ሆነ ሠራተኛ ለሚቀጥር ነጋዴ ጠቃሚ ትምህርት ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባንያው አብራሪውን እንዴት ያየዋል?

የንግድ መድን ኩባንያ ማመልከቻ ሲቀርብለት በመጀመሪያ ዕድሜን፣ ጤናንና ሲጋራ ማጨስን ይጠይቃል። አመልካቹ አብራሪ ከሆነ ተጨማሪ ቅጽ ይሰጠዋል። የሚያበረው ምን ዓይነት አውሮፕላን ነው? እስከ ዛሬ ስንት ሰዓት በርሯል? በዓመትስ ስንት ሰዓት ይበርራል? ሥራው ማጓጓዝ ነው፣ ማሠልጠን ነው ወይስ ውጊያ? ወደ ጦር ቀጠና እንዲሄድ ትእዛዝ ደርሶታልን?

መልሱ ከታየ በኋላ ኩባንያው ከሦስት አንዱን ይመርጣል። አንደኛው፣ አደጋውን እንደ ተራ ቆጥሮ በመደበኛው ዋጋ መቀበል ነው። ሁለተኛው፣ በእያንዳንዱ አንድ ሺህ ዶላር ሽፋን ላይ ቋሚ ጭማሪ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው፣ መደበኛውን ዐረቦን ተቀብሎ «በበረራ ምክንያት ለሚደርስ ሞት አንከፍልም» የሚል አንቀጽ በውሉ ላይ ማስገባት ነው።

የጭማሪው ስሌት ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል በሺህ ዶላር 5 ዶላር በዓመት ተጨመረ እንበል። በ500,000 ዶላር ሽፋን ውስጥ 500 ሺዎች ስላሉ ጭማሪው ብቻ በዓመት 2,500 ዶላር ይሆናል። በሺህ 5 ማለት ከ200 አንድ ማለት ነው። እንግዲህ ኩባንያው በዚህ ዋጋ የሚናገረው፣ ወጪውና ትርፉ ሳይቆጠር፣ «ከእነዚህ ዓይነት 200 አብራሪዎች መካከል በዓመት አንድ ተጨማሪ ሰው ይሞትብኛል ብዬ እሠጋለሁ» ነው። ከላይ የተጠቀሰው የወር 26 ዶላር ግን በዓመት ሲታሰብ 312 ዶላር ብቻ ነው። ልዩነቱ ጭማሪው ብቻ ሲነጻጸር እንኳ ከስምንት እጥፍ ይበልጣል።

ሁለት ዓይነት ክልከላ

ዋጋው ርካሽ ሆኖ የተገኘ ውል ሁሉ ግን ርካሽ አይደለም። ሦስተኛው አማራጭ፣ ማለትም ክልከላው፣ ብዙ ጊዜ ገዢውን የሚያሳስተው በዚህ ላይ ነው። አብራሪው ለዓመታት ሲከፍል ኖሮ አውሮፕላኑ ቢወድቅ ቤተሰቡ የሚያገኘው የመድኑን ገንዘብ ሳይሆን እንደ ውሉ አጻጻፍ የከፈለውን ዐረቦን ወይም የተጠራቀመውን ተቀማጭ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው የገዛው ለመኪና አደጋና ለሕመም የሚሆን መድን እንጂ በየዕለቱ ለሚጋፈጠው አደጋ የሚሆን መድን አይደለም።

የጦርነት ክልከላም እንዲሁ ነው። ባለሙያዎች ይህን አንቀጽ በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ዓይነት ሰውዬው በውትድርና ላይ ሳለ የሚደርስበትን ሞት ሁሉ ያገልላል፤ ወታደሩ ለዕረፍት ቤቱ ሄዶ በትኩሳት ቢሞት እንኳ ኩባንያው ላይከፍል ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት የሚያገልለው በጦርነት ምክንያት የመጣን ሞት ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ የጥቂት ቃላት ልዩነት ነው፤ በቤተሰብ ኑሮ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ቃላት ምን ያህል እንደሚከብዱ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ጃፓን ፐርል ሐርበርን የደበደበችው ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ሲሆን የአሜሪካ ምክር ቤት ጦርነት ያወጀው ግን በማግሥቱ ነበር። በድብደባው የሞቱት ባሕረኞች «በጦርነት» ሞቱ ይባላልን? የአይዳሆ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 በቀረበለት ጉዳይ ጦርነቱ ገና ስላልታወጀ ክልከላው አይሠራም፣ ኩባንያው ይክፈል አለ። በሌላ በኩል የጦር መርከቧ ዌስት ቨርጂኒያ አዛዥ የነበሩት ካፒቴን መርቪን ቤኒየን እዚያው ዕለት በመሞታቸው፣ በአደጋ ለሚደርስ ሞት የሚከፈለው እጥፍ ገንዘብ በተጠየቀ ጊዜ፣ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1946 ጦርነት በድርጊት ይጀመራል፣ አዋጅ አይጠብቅም ብሎ ለኩባንያው ፈረደ። አንድ ቀን፣ አንድ ወደብ፣ አንድ ጥቃት፤ ፍርዱ ግን ሁለት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ክልከላውን ማንበብ ነው።

ዕድር በመኮንኖች መንደር

ኩባንያዎች በራቸውን ሲዘጉ ወይም ዋጋ ሲሰቅሉ ወታደሮች ያደረጉት ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ዕድር አቋቋሙ።

በ1876 በሊትል ቢግሆርን ጦርነት የጄኔራል ከስተር ጦር ሲደመሰስ ብዙ የመኮንን ቤተሰቦች ያለ ጧሪ ቀሩ። ይህ ዓይነቱ ችግር ያሳሰባቸው የምድር ጦር መኮንኖች በጥር 1879 የመረዳጃ ማኅበር መሠረቱ። በኅዳር 1877 ደግሞ ሂዩረን የተባለችው የባሕር ኃይል መርከብ በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ተሰብራ 98 ሰዎች አለቁ። የባሕር ኃይል መኮንኖችም በዚያው በ1879 የራሳቸውን መረዳጃ ማኅበር አቆሙ። ሁለቱም ማኅበራት እስከ ዛሬ አሉ፤ የምድር ጦሩ ማኅበር ዛሬ የአየር ኃይሉንም ሰዎች ያቀፈ ነው።

የእነዚህ ማኅበራት ጥቅም ሁለት ነው። ባለቤቶቹ አባላቱ ራሳቸው ስለሆኑ ለባለአክሲዮን የሚከፈል የትርፍ ድርሻ የለባቸውም። ከዚህም በላይ የተቋቋሙት ለወታደር ስለሆነ በውላቸው ውስጥ የጦርነትንና የበረራን ክልከላ አያስገቡም። በመሆኑም አብራሪ ከመንግሥቱ መድን በላይ ተጨማሪ ሽፋን ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የእነዚህን በር ነው።

መንግሥት ወደ መድን ገበያ ሲገባ

ዕድር ለመኮንኖች ይበቃል፤ ለሚሊዮን ወታደር ግን አይበቃም። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መንግሥት ለእያንዳንዱ ወታደር እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ መድን በራሱ ስም መሸጥ ጀመረ። በዚያ ጦርነት ከ4 ሚሊዮን በላይ ውሎች ተሰጥተዋል። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመግባቷ በፊት በ1940 ሌላ ብሔራዊ የመድን ፕሮግራም ተቋቋመ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በ1951 ደግሞ ወታደሩ ምንም ሳይከፍል የ10,000 ዶላር ሽፋን እንዲያገኝ ተደርጎ ነበር።

የዛሬው ሥርዓት የተወለደው በቬትናም ጦርነት ወቅት በመስከረም 1965 ነው። ያን ጊዜ የንግድ ኩባንያዎች ወደ ጦር ሜዳ ለሚሄድ ሰው መድን ከመሸጥ ሸሽተው ነበር። መንግሥት የመረጠው መንገድ ለነጋዴ ትኩረት የሚገባው ነው፤ ራሱ የመድን ሱቅ አልከፈተም፣ ገበያውንም ለብቻው አልተወውም። ፕሩዴንሻል ከተባለው የግል ኩባንያ ላይ አንድ ትልቅ የቡድን ውል ገዛ፤ አደጋው ለኩባንያዎች እንዲከፋፈልም አደረገ። የመጀመሪያው ሽፋን 10,000 ዶላር፣ የወር ክፍያው 2 ዶላር ነበር። ሽፋኑ በ1991 ወደ 100,000፣ በ2005 ወደ 400,000፣ በመጋቢት 2023 ደግሞ ወደ 500,000 ዶላር አደገ።

የ26 ዶላሩ ምስጢር

ዐረቦኑ በወር በሺህ ዶላር 5 ሳንቲም ነው። ለ500 ሺህ ዶላር 25 ዶላር ይመጣል። በዚህ ላይ ለከባድ የአካል ጉዳት እስከ 100,000 ዶላር የሚከፍለው ተጨማሪ ዋስትና 1 ዶላር ነው። ድምሩ 26 ዶላር። ዓይኑን ወይም እግሩን ያጣ አብራሪ ሳይሞት የሚጠቀምበት ይህ ሁለተኛው ክፍል ከታኅሣሥ 2005 ጀምሮ የተጨመረ ነው።

ዋጋውን ዝቅ ያደረጉት አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ብዛት። ጥቂት አብራሪዎች ለብቻቸው ቢሰበሰቡ አንድ የወደቀ አውሮፕላን ሒሳባቸውን ያናጋዋል። ከመቶ ሺዎች ጋር ሲደባለቁ ግን የዓመቱ የሞት ቁጥር አስቀድሞ ሊገመት የሚችል ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ምርጫ አለመኖሩ። መድን ሰጪ ከሁሉ የሚፈራው አደጋ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብቻ ለይቶ እንዳይመጣበት ነው። በዚህ ሥርዓት ወታደሩ ሲቀጠር መድኑ በራሱ ይጀምራል፤ አልፈልግም የሚል በጽሑፍ ያሳውቃል። ስለዚህ ጤነኛውና ወጣቱ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛውና ጸሐፊው ሁሉ ገብቶ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ወጪ። ደመወዝ ላይ ተቆርጦ የሚገባ ዐረቦን ሰብሳቢ አያስፈልገውም። የሐኪም ምርመራ የለም፤ የሽያጭ ኮሚሽን የለም።

አራተኛውና ዋናው፣ የጦርነትን ዋጋ የሚከፍል ሌላ መኖሩ ነው። በሕጉ መሠረት ወታደሩ የሚከፍለው በሰላም ጊዜ የሚጠበቀውን የሞት አደጋ ነው። ከውትድርናው የተለየ ጠባይ የተነሳ ከዚያ በላይ የሚመጣው ወጪ በመንግሥት በጀት ይሸፈናል። እንግዲህ ርካሽነቱ ተአምር አይደለም። አደጋው አልጠፋም፤ ትከሻ ቀየረ እንጂ። አደጋውን ያዘዘው አካል የአደጋውን ዋጋ ይክፈል የሚል ሐሳብ ነው።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም

ዐረቦኑ ርካሽ፣ ውሉም ያለ ክልከላ ሆኖ ገንዘቡ ላልታሰበ ሰው የሚሄድበት ጊዜ አለ። መድን ገቢው ተጠቃሚውን የመምረጥ ሙሉ መብት አለው፤ ዘመድ መሆን እንኳ ግዴታ አይደለም። ስም ካልጻፈ ገንዘቡ በቅድሚያ ለትዳር ጓደኛ፣ እርሷ ከሌለች ለልጆች፣ ልጆች ከሌሉ ለወላጆች ይሄዳል።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 የወሰነው አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። አንድ የምድር ጦር ሳጅን ሚስቱን ሲፈታ፣ የሜይን ግዛት ፍርድ ቤት የሕይወት መድኑን ለሦስት ልጆቹ ጥቅም እንዲያቆይ አዘዘው። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ሌላ አገባ፤ የተጠቃሚውንም ቅጽ ለውጦ ገንዘቡ በሕጉ ቅደም ተከተል ይከፈል አለ። ይህም ማለት ለአዲሷ ሚስት ማለት ነው። ሰውዬው ሞተ፤ 20,000 ዶላሩ ለክርክር ቀረበ። ፍርድ ቤቱ፣ የፌዴራሉ ሕግ ለወታደሩ የሰጠውን የመምረጥ መብት የግዛት የፍቺ ውሳኔ ሊሽረው አይችልም ብሎ ለሁለተኛዋ ሚስት ፈረደ። ልጆቹ ያለ መድኑ ገንዘብ ቀሩ።

ዛሬ ያገባ ወታደር ከሚስቱ ሌላ ሰው ሲያስመዘግብ ለሚስት ማስታወቂያ ይላክላታል፤ ይሁን እንጂ የእርሷ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ልደትና ሞት በመጣ ቁጥር ቅጹን አውጥቶ ማየት ግድ ነው። ይህ ምክር ልጆቻቸው አሜሪካ ሄደው በሠራዊቱ ውስጥ ለሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ይሠራል። ልጅ ገና ሳያገባ የእናቱን ስም ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ካገባ በኋላ ያው ስም ከቆየ ገንዘቡ የሚሄደው ቅጹ ወደሚለው ነው። ነገሩን በሕይወት ሳሉ ተነጋግሮ ማስተካከል ከሐዘን በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ዩኒፎርሙ ሲወልቅ

አብራሪው ሠራዊቱን ሲለቅ መድኑ ያለ ክፍያ ለ120 ቀናት ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለው። በእነዚሁ 120 ቀናት ውስጥ ያለ ጤና ምርመራ ወደ ንግድ ኩባንያ ቋሚ የሕይወት መድን መዛወር ይችላል። ወይም ለቀድሞ ወታደሮች ወደተዘጋጀው የቡድን መድን ይገባል። ለዚህ የሚያመለክተው በ240 ቀናት ውስጥ ከሆነ ስለ ጤናው አይጠየቅም። ከ240 ቀናት በኋላ እስከ አንድ ዓመት ከ120 ቀን ድረስ ማመልከት ቢችልም ጤነኛ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል።

የትኛው ይሻላል? መልሱ በሰውዬው ጤና ላይ የተመሠረተ ነው። የቀድሞ ወታደሮች መድን ዐረቦን በየአምስት ዓመቱ ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ይሄዳል፤ ጤነኛውም በሽተኛውም በአንድ ዋጋ ይገባል። ልቡ ለታመመ ወይም በጦር ሜዳ ለቆሰለ ሰው ይህ የማይገኝ ዕድል ነው። በአንጻሩ የአርባ ዓመት ጤነኛ ሰው፣ በተለይም በሕዝብ ማመላለሻ አየር መንገድ የተቀጠረ አብራሪ፣ ብዙ ኩባንያዎች በመደበኛ ዋጋ ስለሚቀበሉት ገበያውን ዞሮ መጠየቁ ያዋጣዋል። ሥርዓቱ ግን ቅደም ተከተል አለው፤ አዲሱ ውል ተፈርሞ እጅ ሳይገባ አሮጌው አይለቀቅም።

ስንት ይበቃል?

500,000 ዶላር ትልቅ ገንዘብ ይመስላል። ለምሳሌ የሚሆን ስሌት እነሆ። አንድ ቤተሰብ በዓመት 60,000 ዶላር ያስፈልገዋል፤ ትንሹ ልጅ ራሱን እስኪችል 15 ዓመት ይቀራል እንበል። ፍላጎቱ 900,000 ዶላር ነው። በሥራ ላይ ሳለ ለሞተ ወታደር ቤተሰብ መንግሥት በአንድ ጊዜ 100,000 ዶላር ይሰጣል። ይህና የመድኑ 500,000 ሲደመሩ 600,000 ይሆናሉ። የቀረው 300,000 ነው። ከዚህ ላይ ለቤተሰብ በየወሩ የሚከፈለው አበል ይቀነሳል፤ የቤት ዕዳና የትምህርት ወጪ ይጨመራል። ከመረዳጃ ማኅበር ወይም ከኩባንያ የሚገዛው ተጨማሪ መድን ይህን ክፍተት የሚሞላ ብቻ ይሁን። ከዚያ በላይ የሚገዛ ሰው የደላላውን ኮሚሽን ያሳድጋል፤ ከዚያ በታች የሚገዛ ልጆቹን ለዘመድ ያስቸግራል።

ተጨማሪው ውል ሲገዛ አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ መመለስ አለባቸው። ውሉ የበረራ ክልከላ አለውን? የጦርነት ክልከላ አለውን፣ ካለስ ከሁለቱ ዓይነት የትኛው? የበረራ ጭማሪው አብራሪው መብረር ሲያቆም ይነሳልን? የአውሮፕላኑ ዓይነት ቢቀየር ኩባንያው ዋጋ መጨመር ይችላልን? ደላላው «አይዞህ፣ ችግር የለም» ቢል ቃሉ ከውሉ ውጭ ነው። አብራሪውም የበረራ ሰዓቱን ደብቆ ርካሽ ዋጋ ቢያገኝ ያተረፈው ለራሱ ነው፤ ኪሣራው ግን የሚስቱ ነው። ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ የሐሰት ቃል ካገኘ ውሉን ሊያፈርስ ይችላልና።

ለአገር ቤት ነጋዴ

የዚህ ሥርዓት ትምህርት በሰማይ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ረጅም መንገድ የሚያሽከረክሩ ሾፌሮች፣ ከፍታ ላይ የሚሠሩ ግንበኞች ወይም የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር የሚዘረጉ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ለእያንዳንዱ ለብቻው መድን ልግዛ ቢል ዋጋው ይከብደዋል። ሒሳብ ሹሙን፣ ዘበኛውንና ሾፌሩን በአንድ ላይ አድርጎ የቡድን ውል ሲጠይቅ ግን የመደራደር አቅም ያገኛል። ሠራተኛው ተራውን ድርሻ ቢከፍል፣ ከሥራው አደጋ የሚመጣውን ትርፍ ዋጋ ደግሞ ድርጅቱ ቢሸፍን፣ ለአብራሪው የተሠራው ሒሳብ ለሾፌሩም ይሠራል ማለት ነው። ውሉ ሲፈረምም ክልከላው ይነበብ፤ የተጠቃሚው ስም ይጻፍ፤ ሠራተኛው ሲለቅ መድኑ ምን እንደሚሆንም ከወዲሁ ይጠየቅ። ዐረቦኑ የሚታወቀው በፊርማው ዕለት ነው፤ የውሉ ጥራት ግን የሚታወቀው በክፍያው ዕለት ነው።